የነዳጅ ታንክ ቢበሳ ሳሙና ይያዙ

የአሮጌ መኪናዬን ወለል ስሰረስር መሰርሰሪያው አልፎ ከሥር ያለውን የነዳጅ ታንክ በሳው። ቤንዚኑ እንደ ክር እየቀጠነ ሲወርድ ክው አልኩ። ያዳነኝ ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ቀዳዳው ላይ በኃይል ሲታሽ ይደፍነዋል። መሰርሰሪያውን ግን ዳግም እንዳያስነሱ፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ሳሙናው ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። መኪናው ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቆሞ ነዳጁ ከቀዳዳው በታች እስኪሆን ይቀዳ። ከዚያ ሳሙናውን ጠርጎ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያስፈልጋል፤ ቀለሙና ዝገቱ ለቆ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ። ለነዳጅ ታንክ የተሠራውን ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ (ሁለቱ ሲዋሃዱ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አንድ ዓይነት ቀለም እስኪይዝ በጓንት አሽቶ ቀዳዳው ውስጥ መጠቅጠቅ፣ ከጠርዙም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፎ መለጠፍ። እኔ 24 ሰዓት ሳልነካው አቆየሁት።

ተራ ሲሊኮን አይሞክሩ፤ ቤንዚን ያላልጠዋል። ብየዳማ አይታሰብ! ባዶ የሚመስለው ታንክ በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ለብረት ታንክ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ኤፖክሲ በደንብ አይጣበቅም።