በሐዋሳ የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪ ሆኖ ለመሥራት

ይሄን ሥራ እንዴት እንደሚጀምሩት የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ ሳይኮሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ የጨረሱ፣ ሰው ማዳመጥ የሚወዱ ልጆች ናቸው። ለእነሱ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው። ከልጆችና ከወላጆች ጋር የሚሠራውን ለሌላ ጊዜ ትቼ ባልና ሚስት ላይ ላተኩር። ዋጋ ያስከፈለኝ ስህተትም እዚያው ነው።

1. ትምህርትና ክትትል

የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ነው። ከዚያ በካውንስሊንግ ወይም በተቀራራቢ ዘርፍ ማስተርስ ያዙ። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ መስቀል ለሰው ትዳር አይበቃም።

ከትምህርቱ በኋላ ደግሞ ከአንጋፋ ሰው ሥር ሥሩ። ሙያው ቀድሞ በተደራጀበት አሜሪካ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ ማስተርስ የያዘ ሰው ፈቃድ ለማግኘት 3,000 ሰዓት በባለሙያ ክትትል መሥራት አለበት። እናንተም ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ ቁጭ አድርጎ «እዚህ ጋ ለምን ዝም አልሽ? እዚያ ጋ ለምን ቸኮልሽ?» የሚል ሰው ፈልጉ።

2. ቢሮ

ሐዋሳ ሰው ይተዋወቃል። ስለዚህ በሩ ወደ ዋና መንገድ የሚከፈት ቢሮ አትከራዩ። ጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ፎቅ ይሻላል፤ ደረጃውን የሚወጣ ሰው የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጓደኛችሁን ውስጥ አስወርታችሁ ከውጭ ቆማችሁ ስሙ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቬንትሌተር አበራለሁ፤ ለሙቀቱም ይሆናል፣ ድምፅም ይሸፍናል።

እኩል ቁመት ያላቸው ሦስት ወንበሮችና ሶፍት ይበቃሉ። ትልቅ ጠረጴዛ አያስፈልግም። ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው ዳኛ ይመስላል።

3. የመጀመሪያው ቀን

ብዙዎቹ ወደ እናንተ የሚመጡት ሽማግሌ ካዩ በኋላ ነው። ሽማግሌን አትናቁ። ሲዳማ «አፊኒ» ይላል፣ «ሰማችሁ ወይ» እንደማለት ነው፤ ጉዳይ በደንብ ሳይሰማ እንዳይወሰንበት። ከዚህ የምንማረው ብዙ አለ። ግን ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛውን ይገሥጻል፣ ካሣ ይቆርጣል፣ ያስታርቃል። እናንተ ፍርድ አትሰጡም። ይሄን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሯቸው፤ ካልሆነ ሁለቱም ምስክር ይዘው ይመጣሉ።

ፍቺ ጠይቀው የሚመጡም አሉ። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍርድ ቤት ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ እነዚህ ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ እናንተ ሊመጡ ይችላሉ። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል የሚመለከታችሁን አንብቡ።

ማንም ይምጣ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ባልና ሚስቱን ለየብቻ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አነጋግሩ። ስለ ድብደባ፣ ስለ ማስፈራሪያ፣ ስለ ፍርሃት በቀጥታ ጠይቁ። ካለ አብራችሁ አታስቀምጧቸው። ቢሮ ውስጥ እውነት የተናገረች ሴት ማታ ቤት ስትገባ ልትደበደብበት ትችላለች። እዚያ ላይ ቅድሚያው የእሷ ደኅንነት ነው፤ ዕርቁ ይቆይ።

4. ምስጢር

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባለትዳር ማታ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው» አለች። እኔም ሳላስብ «እሺ» አልኳት። ዕቁቧ ወጥቶላት ነበር። ብሩን ለታናሽ ወንድሟ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥታዋለች። ባሏ ዕቁቡ ገና አልወጣም ብሎ ነው የሚያስበው። ስልኩን ስዘጋ ያመነችኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ይዤው ቆየሁ። እሷ ስትናገር እሷን ላለማጋለጥ እጠነቀቃለሁ፣ እሱ ሲናገር ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። አንድ ቀን ባልየው ረጋ ብሎ «ዕቁቧ ሲወጣ ኮርኒሱን እናሠራለን» አለ። ሚስቱ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ማስታወሻዬ አቀረቀርኩ። እሱ ሁለታችንንም አየ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እርስዎም ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለኝ። ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አልተመለሱም።

ብሩ ሊታረቅ የሚችል ጉዳይ ነበር። እሱን የሰበረው ሊያግዘው የተቀመጠ ሰው ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሲደብቀው ማየቱ ነው። ሙሬይ ቦወን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ ብሎ አስተምሯል። አንዳንዴ አማት፣ አንዳንዴ ልጅ። በዚያ ቤት ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ስለዚህ ዛሬ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁለቱንም አብሬ አስቀምጬ ደንቡን አነባለሁ፣ ይፈርማሉ። ደንቡ ይሄ ነው፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ለብቻ የምትነግሩኝንና ትዳሩን የሚነካ ነገር እንደ ምስጢር ይዤ አልቀጥልም። ራሳችሁ እንድትናገሩት አግዛለሁ፣ ጊዜም እሰጣለሁ። የማይቻል ከሆነ ምክንያቱን ሳልናገር ሥራውን አቆማለሁ። ድብደባንና ማስፈራሪያን የሚመለከት ቃል በዚህ ደንብ አይገዛም። እንዲህ ያለውን ቃል እናንተ አማካሪዎች ለሌላው ወገን በፍጹም አታወሩም፤ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

ፈርመውም ይደውላሉ። ያኔ ወሬው ከመጀመሩ በፊት «ይሄ ለሐሙሱ ቀጠሮ ይቆየን» በሉ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ከመጣ ሳትከፍቱ «አብረን ስንሆን እንስማው» ብላችሁ መልሱ። መጀመሪያ ላይ ጨካኝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሰዎቹ ግን ለሌላኛውም ወገን ይሄንኑ እንደምትመልሱ ሲገባቸው ይረጋጋሉ።

5. ከቢሮ ውጭ

ዘመድ፣ ጎረቤትና የማኅበር ጓደኛ አትቀበሉ፤ ወደ ሌላ ባለሙያ ምሯቸው። ማስታወሻችሁን ቆልፉ።

ሰላምታ ግን መነጋገር ይፈልጋል። እኛ አገር የሚያውቁትን ሰው ሳይስሙ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «መንገድ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልላችሁም፤ ከማን ጋር እንደሆናችሁ አላውቅም። እናንተ ሰላም ካላችሁኝ ግን ደስ ይለኛል» እላቸዋለሁ። ባለፈው አሞራ ገደል ዓሣ ስገዛ ለወራት እኔ ጋ የመጡ ባልና ሚስት ከእናትየው ጋር ቆመው አየሁ። ወደ ዓሣው ዞርኩ። ሚስትየው መጥታ ትከሻዬን ነካችኝና «እማዬ፣ ጓደኛዬ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። እናትየው ሦስቴ ሳሙኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።