የባሕር ዳርቻ ምሽግን ታሪክ ከጅማ ሆኖ ለመጻፍ

ባሕር በማይደርስባት ጅማ የሚኖር የታሪክ ተማሪ ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ የመድፍ ምሽግ ጥናታዊ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ በኒው ዮርክ ወደብ የሚገኘውን ካስል ክሊንተንን ቢመርጥ ይጠቀማል። ምሽጉ በጦርነት ጊዜ አንድም አረር በጠላት ላይ ስላልተኮሰ ጸሐፊው ከውጊያ ትረካ ውጭ ያሉትን ጥያቄዎች እንዲያነሣ ያስገድደዋል።

ሥራውን ከካርታ ይጀምሩ። ጅሬን ኮረብታ ወጥቶ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ቦታ ያለ ምክንያት እንደማይመረጥ ለመረዳት አይቸገርም። በኒው ዮርክ ግን ወሳኙ ከፍታ ሳይሆን የውኃው መተላለፊያ ነው። ምሽጉ የተሠራው ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ 60 ሜትር ያህል ርቆ በውኃ ውስጥ ባለ ዐለት ላይ ሲሆን፣ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው የእንጨት ድልድይ ነበር። በዚያው ዘመን በገቨርነርስ ደሴት ላይ ካስል ዊልያምስ ስለተሠራ፣ በመካከል የሚያልፍ የጠላት መርከብ ከሁለት ወገን ይተኮስበት ነበር። ውኃው በኋላ በአፈር ስለተሞላ የዛሬው ካርታ ምሽጉን የብስ ላይ ያሳያል፤ ስለዚህ የዘመኑን ካርታ ሳያዩ ስለ አቀማመጡ አይጻፉ።

ቀጥሎ ግንባታው ለምን በዚያ ጊዜ እንደ ተጀመረ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1807 ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቼሳፒክ በተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተኩሶ አራት መርከበኞችን ወሰደ፤ አሜሪካም ወደቦቿን ለማጠናከር ተጣደፈች። ካስል ክሊንተን ከ1808 እስከ 1811 ተሠራ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ከመለሱ ሁሉንም ይመልሱ፤ ሁለቱን መቀላቀል አንባቢን ያሳስታል።

መለኪያዎችንም አንባቢው በሚያውቀው መልክ ያስቀምጡ። ምሽጉ 28 መድፎች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ አረር 32 ፓውንድ፣ ማለትም 14.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የቀይ አሸዋ ድንጋይ ግንቡ ውፍረት ደግሞ 2.4 ሜትር ገደማ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምሽጉን ውጤት መመዘን ነው። እንግሊዞች ከአሜሪካ ጋር ሲዋጉ በ1814 ዋሽንግተንን አቃጥለው ባልቲሞርን ሲደበድቡ ኒው ዮርክን አላጠቁም፤ ብዙዎችም ይህን ለምሽጎቹ ጥንካሬ ይሰጡታል። ግምቱ ምክንያታዊ ቢሆንም፣ ማስረጃው መገኘት ያለበት በእንግሊዝ አዛዦች ደብዳቤና ትእዛዝ ውስጥ ነው። ያ በእጅዎ ከሌለ ሁለቱን እውነታዎች ጎን ለጎን ጽፈው፣ አንዱ ሌላውን አመጣ ከማለት ይቆጠቡ።

በመጨረሻ የገጾችዎን ድርሻ ይመዝኑ። ሠራዊቱ በ1821 ከለቀቀ በኋላ ሕንፃው ከ1824 ጀምሮ ካስል ጋርደን የተባለ የመዝናኛ አዳራሽ፣ ከ1855 እስከ 1890 ከ8 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ያለፉበት መቀበያ ጣቢያ፣ ከ1896 እስከ 1941 ደግሞ ሕዝብ የሚጎበኘው የዓሣ ማሳያ ሆኗል፤ ከዚያም ሊፈርስ ሲል በ1946 ብሔራዊ ሐውልት ተባለ። ወታደራዊ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ስለ መድፍ የሚያወራው ክፍል ስለ ስደተኞች ከሚያወራው ክፍል መብለጥ የለበትም።