ሥራው ላይ ያጎነበሰ ወጣት ሠዓሊን በዘይት ቀለም መሣል

ተመስጦ በሥዕል ላይ የሚነበበው ከዓይን ቆብ፣ ከአንገትና ከጣት ነው። ስለዚህ ወጣቱን «የምትሥል ምሰል» አይበሉት፤ እውነተኛ ሥራ ይዞ ይቀመጥ። በየ20 እስከ 25 ደቂቃው ይረፍ፤ ከመነሣቱ በፊት የወንበሩን እግርና የጫማውን ዙሪያ በጠመኔ ያስምሩ።

ብርሃን ከአንድ መስኮት ብቻ ይግባ። «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚለው የአውሮፓ ምክር ወሎ ላይ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ መስኮት ይዙሩ፣ ወይም መስኮቱን በነጭ ነጠላ ይጋርዱ።

ሸራው 50 በ60 ሴ.ሜ. ከሆነ ይበቃል። በሠዓሊ ጄሶ (ሸራውን ለቀለም በሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) ሁለቴ ይቀቡት፤ የግንባታው ጄሶ ሸራው ሲተጣጠፍ ተሰንጥቆ ይረግፋል።

ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ቀና ያለ ፊት ተሥሎ ዓይኑ ብቻ ወደ ታች ሲደረግ ነው። ራስ ሲያጎነብስ ሁሉም ቦታውን ይለውጣል፦ ግንባርና አናት ይሰፋሉ፣ የዓይን መስመር ከመሐል ዝቅ ይላል፣ ጆሮ ከዓይን መስመር በላይ ይወጣል፣ የአፍንጫ ጫፍ ወደ ከንፈር ይጠጋል፣ አገጭ ያጥራል። ዓይኑ ራሱ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን የሚይዘው የላይኛው ቆብ ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ቆቡ ካልተሳካ ልጁ የተኛ ይመስላል።

የመጀመሪያውን ንድፍ በአኳራጅ በቀጠነ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ ቀለም) ያስቀምጡ፤ ቶሎ ይደርቃል። ለጠይም ቆዳ በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ)፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና ጥቂት አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ይቀላቅሉ። ብርሃን ያረፈበትን በነጭ ብቻ ካነጡት ፊቱ አመድማ ይሆናል፤ ኦከር ይጨምሩበት። ጥላውን በጥቁር ሳይሆን በአምበርና በአልትራማሪን ይሥሩት። ልጁ ከሚሥልበት ወረቀት ተንጸባርቆ አገጩ ሥር የሚገባውን ብርሃንም አይዝለሉት፤ ብርሃን ካረፈበት ጉንጭ ግን ይጨልም።

በብርዱ ጋቢ ከደረበ፣ ጋቢውን ከወረቀቱ ትንሽ ያጨልሙት። አለዚያ ተመልካቹ ትከሻው ላይ ይቀራል። ጥርት ያለ ጠርዝ ለእርሳሱ ጫፍና ለያዙት ጣቶች ብቻ ይስጡ፤ ክርኑን ያደብዝዙት።

የላይኛው ንብርብር ከታችኛው የበለጠ የተልባ ዘይት ይኑረው፤ ታችኛው የበለጠ ዘይት ካለው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዘይት የሚደርቀው ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል። ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ የበለጠ ይታገሡ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።