ከአፕዴት በኋላ ሊኑክስ ከጠፋብዎ፣ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ይህን ይሞክሩ

አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ተጭነዋል። ዊንዶውስ አፕዴት አደረገና ሪስታርት አለ። ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጠው የግረብ ገጽ ግን አልመጣም። በቀጥታ ዊንዶውስ ተነሳ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ሊጭን ይሞክራል። እባክዎ አይቸኩሉ! አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎችዎ ያሉበት የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) አልተነካም። የተቀየረው ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛውን ሲስተም እንደሚያስቀድም የሚያይበት ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ማዘርቦርዱ ላይ ይቀመጣል፤ አፕዴቱ ደግሞ ዊንዶውስን ከላይ አድርጎት ሊሄድ ይችላል።

1. መጀመሪያ የቢትሎከር ቁልፍዎን ያግኙ

ይህን እርምጃ ማንም እንዲዘለው አልፈልግም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የዊንዶውስ ዲስክ ባለቤቱ ሳያውቅ ጭምር ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተመስጥሮ ይገኛል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው አንድ ነገር ሲነኩ ዊንዶውስ ተጠራጥሮ ባለ 48 አሃዝ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቅዎ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ዳታውን የሚከፍትልዎ ባለሙያ አያገኙም። ስለዚህ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ይፈልጉ። ወረቀት ላይ ይጻፉት። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። አስፈላጊ ፋይሎችንም ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ።

2. ሊኑክሱን ከቡት ሜኑ ይጥሩት

ኮምፒውተሩን ሲያበሩ የቡት ሜኑ (የማስነሻ ምርጫ) ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ። እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9፣ ኤፍ 8 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። ካልሆነልዎ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ሺፍትን እንደያዙ ሪስታርትን ይንኩ፤ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡ። ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ የሚል የሊኑክስ ስም ካዩ እሱን ይክፈቱ። ከተነሳ ችግሩ የቅደም ተከተል ብቻ ነበር ማለት ነው። ባዮስ ውስጥ «ቡት ኦርደር» ላይ ሊኑክስን ወደ ላይ ያውጡትና ሴቭ ያድርጉ።

3. «ኤስባት» የሚል የስህተት መልእክት ከመጣ

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ኦገስት 2024) የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የብዙ ሰዎችን ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። አፕዴቱ የደህንነት ክፍተት ያለባቸውን የቆዩ የማስነሻ ፕሮግራሞች ኤስባት በሚባል የእገዳ ደንብ እንዲያግድ የታሰበ ነው። ሁለት ሲስተም ያላቸውን ኮምፒውተሮች ይዘላል ቢባልም ሁሉንም ለይቶ አላወቃቸውም። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2017 ዓ.ም. (ሜይ 2025) ባወጣው አፕዴት አስተካክሎታል። እስካሁን የተቆለፈበት ሰው ግን እንዲህ ያድርግ። ባዮስ ውስጥ «ሲኪዩር ቡት»ን ያጥፉ። ሊኑክስን አስነስተው ሙሉ አፕዴት ያድርጉለት። ከዚያ ተርሚናል ላይ በሞክዩቲል ትዕዛዝ የኤስባት ፖሊሲውን ይሰርዙ። ሲኪዩር ቡት እንደጠፋ አንድ ጊዜ እንደገና ወደ ሊኑክስ ይግቡ፤ በመጨረሻ ሲኪዩር ቡትን መልሰው ያብሩት። አጥፍቶ መተው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰርጎ ከሚገባ ማልዌር የሚከላከለው እሱ ነው።

4. ሊኑክስ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ

በሌላ ኮምፒውተር ላይ የኡቡንቱ ፍላሽ ያዘጋጁ። በዚያ ፍላሽ ኮምፒውተርዎን ሲያስነሱ «ትራይ ኡቡንቱ»ን ይምረጡ፤ ኢንስቶል የሚለውን አይንኩ። ኢንተርኔት ያገናኙ፣ ቡት ሪፔር የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑና የሚመከረውን ጥገና ያስጀምሩ። ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ሞድ (በአዲሱ የኮምፒውተር አነሳስ ስልት) መነሳቱን ቀድመው ያረጋግጡ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሊኑክስ አፕዴት ሲደረግ ዊንዶውስ ከግረብ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል። ግረብ ከስሪት 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን መፈለግ በነባሪ አቁሟል። በግረብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገውን ኦኤስ ፕሮበርን ፈቅደው ግረብን ማደስ ይበቃል።

እንዳይደገም

ዊንዶውስ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ»ን ያጥፉ። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከሊኑክስ ሆነው የዊንዶውስን ፓርቲሽን ሲከፍቱ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ባዮስ አፕዴት ሲያደርጉ ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙት። ዲስክ ሲያጸዱ ደግሞ ኢኤፍአይ የተባለችውን ትንሽ ፓርቲሽን እንዳያጠፉ፤ የሁለቱም ሲስተሞች ማስነሻ እዚያ ነው ያለው። የጥገናውን ፍላሽም ለሌላ ሥራ አያውሉት።

ሁለተኛ ዲስክ የሚቀበል ኮምፒውተር ካለዎት ግን ከሁሉም የሚሻለው እያንዳንዱን ሲስተም በየራሱ ዲስክ፣ ከየራሱ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ጋር መጫን ነው። ሊኑክሱን ሲጭኑ የዊንዶውስን ዲስክ ነቅለው ቢያስቀምጡት ማስነሻዎቹ አይደባለቁም።