ዋይፋይዎ ሲቆራረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው መስመሩ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። እሱን ደግሞ ማንንም ሳይጠሩ ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ። ገንዘብ ጨምረው ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ ይዩአቸው።

ችግሩ የት እንዳለ ሳይለዩ መነካካት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደውም እሱ ነው። ወደ ቤትዎ የሚገባው ኢንተርኔት አንድ ነገር ነው፣ ራውተሩ በቤቱ ውስጥ የሚበትነው ዋይፋይ ሌላ። ስልክዎ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖም ጓዳ ያለ ስልክ ምንም ላያገኝ ይችላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የስልክዎን ዳታ ያጥፉና ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ። አድራሻው ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ አንዳንዱ ላይ 192.168.100.1፣ ሲም ካርድ በሚገባባቸው ላይ ደግሞ 192.168.8.1 ሊሆን ይችላል። ገጹ ቶሎ ከተከፈተ ዋይፋይዎ ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ገጹ ራሱ ከተንቀራፈፈ ወይም ጭራሽ እምቢ ካለ ግን መስመሩን አይውቀሱ። ላፕቶፕ ካለዎት በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። በኬብል ጥሩ ሠርቶ በዋይፋይ የሚቆራረጥ ከሆነ መልሱን አገኙት።

የራውተሩን መብራቶችም ይዩ። ፋይበር ያስገባ ሰው ኤል ኦ ኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል ካየ፣ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ገመዱ የሆነ ቦታ ተጣጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ ብቻ ይመልከቱ። ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፤ በር ሲዘጋበት ወይም አልጋ ሲገፋበት ይሰበራል።

በመዳብ የስልክ መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ የቤት ስልኩን አንስተው ያዳምጡ። የሚንሿሿ ድምፅ ካለና ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ፣ የገመዱ መጋጠሚያ ላይ ውሃ ሳይገባ አልቀረም። ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ግን የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የምትለየውን፣ ስፕሊተር የምትባለውን ትንሽ ሳጥን ይመልከቱ። ወይ አልተገጠመችም፣ ወይ ተበላሽታለች።

ራውተሩን ቡፌ ውስጥ መደበቅ

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ሄጄ ራውተሩን ፈልጌ አጣሁት። ለካ ቡፌው ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ ኋላ ነው። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል። «ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ የቤቱ እመቤት። የቡፌው ጀርባ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ፊት የሚታይበት መስታወት ከኋላው ስስ ብረት የተቀባ ስለሆነ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ዳንቴሉ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል፤ ስነካው ትኩስ ነበር። ከመጠን በላይ የሞቀ ራውተር ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይበራል። «እትዬ፣ ከቡፌው አናት ላይ እናድርገው፤ እዚያም ልጆቹ አይደርሱበትም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ቪዲዮ ለማየት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን መውጣት ቀረላት።

ራውተር የሚፈልገው መሃል ቦታ፣ ከፍ ያለና ያልተሸፈነ ነው። ከፍሪጅ፣ ከማይክሮዌቭና ከውሃ ሮቶ ያርቁት። ፒያሳ አካባቢ በቀሩት የድሮ ቤቶች ውስጥ ያለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናሉን በጣም ያደክመዋል። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትም ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ቆርቆሮ ነው። ግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ዋናው ቤት ውስጥ ያለው ራውተር የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ብዙ አይረዳዎትም። እዚያ ድረስ የኔትወርክ ኬብል ዘርግተው ሁለተኛ ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብሉ የመጣውን ኢንተርኔት እዚያው በዋይፋይ እንዲበትን፣ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው።

ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ካለዎት ነገሩ ይለያል። እሱ ከውጭ ካለው ማማ ሲግናል መቀበል ስላለበት መስኮት ይፈልጋል። የተለያዩ መስኮቶች አጠገብ እያዞሩ ይሞክሩት፤ ፊቱን ትንሽ ማዞር ብቻ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት አልፎ ሪሴት ማድረግ

አጥፍቶ ማብራት ችግር የለውም። ነቅለው ጥቂት ቆይተው ይሰኩት። በመርፌ የምትጫነዋን ትንሽ ቀዳዳ ግን አይንኩ። እሷ ራውተሩን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ትመልሰዋለች። ባለሙያው ሲገጥም የሞላው መለያና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ይዘው የነበሩት ሰው ጭራሽ ያጣሉ፤ ቅዳሜ ማታ ከሆነማ የባሰ ነው።

ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል ላይ መጋፋት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብለው የስልክዎን የዋይፋይ ዝርዝር ይክፈቱ። የጎረቤቱ ስም ማለቂያ የለውም። ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ናቸው፤ እዚያ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች (የሞገዱ ክፍሎች) ደግሞ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ሁሉም አንድ ቻናል ላይ ሲከማች ተራ መጠባበቅ ይመጣል። ማታ ማታ ሰው ከሥራ ሲገባ የሚብሰው አንዱ ለዚህ ነው።

የትኛው ቻናል እንደተጨናነቀ የሚያሳይ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ አውርደው ከሦስቱ ብዙ ሰው የሌለበትን ይምረጡ፤ ከዚያ በራውተሩ ገጽ ላይ ይቀይሩት። 3 ወይም 8 ቁጥርን አልመክርም፤ ከሁለት ወገን ይረበሻሉ። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው፣ ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ወደዚያ ያዛውሩ። ፈጣን ነው፣ መጨናነቁም ያነሰ ነው። ግድግዳ ግን በቀላሉ አያልፍምና የሩቁን ክፍል ለ2.4 ይተዉለት።

ሲግናል በጠፋበት ክፍል ሪፒተር መሰካት

ሪፒተር የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የሚያባዛው የሚደርሰውን ነው። ምንም የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ከሰኩት የሚያባዛው የለውም። ከራውተሩና ከዚያ ክፍል መሃል፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ የሆነበት ቦታ ላይ ይሰኩት።

ለግቢው ሁሉ ፓስወርድ ሰጥቶ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት

አከራይ መስመሩን ያስገባል፣ ተከራዮች ይጋሩታል። መጋራቱ መልካም ነው፤ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ፓስወርዱ በኪውአር ኮድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ትናንት የመጣ እንግዳም ነገ በር ላይ ቆሞ ይጠቀማል። የራውተሩን ገጽ ይክፈቱና ስንት ስልክ እንደተያያዘ ይዩ። የማያውቁት ከበዛ ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ መክፈት የሚቻል ከሆነም ይክፈቱ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ወደ ላይ የሚጫነውን ነው። አንዱ ተከራይ የሠርግ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲጭን፣ ወይም የአንዱ ስልክ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ክላውድ ሲልክ፣ መስመሩ ይሞላና ሌላው ሰው ገጽ መክፈት ያቅተዋል። ፓኬጅ ከመጨመር ይልቅ ለእያንዳንዱ ስልክ ገደብ ማድረግ፣ ወይም ከባዱን ነገር ሰው ሲተኛ መጫን ይሻላል። ፍጥነት ሲለኩም ይጠንቀቁ፤ 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። ፋይል ሲያወርዱ የሚታየው አነስተኛ ቁጥር ሁልጊዜ መጭበርበር አይደለም።

መብራቱን መርሳት

የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ራውተሩ ጠፍቶ የሚበራ ከሆነ ኢንተርኔቱን ይተዉትና ሶኬቱን ይዩ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ሆኖም የራውተር አዳፕተር ላይ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ ደህና አዳፕተር መጠነኛ የመብራት መውረድ አይጥለውም። የላላ ኤክስቴንሽን ወይም ያረጀ አዳፕተር ነው የሚጥለው። አዳፕተሩን ሲቀይሩ ወደ ራውተሩ የሚያወጣው ቮልት ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን።

የቤት ፋይበር መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሰፈሩ ላይ መብራት ሲሄድ ራውተርዎን በሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በሚሠራ ትንሽ ባትሪ) ካቆዩት ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። ለራውተር ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ፤ ቮልታቸው ከራውተርዎ ጋር መስማማቱን አይተው ይግዙ።

«አይሠራም» ብሎ ብቻ መደወል

ይሄን ሁሉ አይተው መስመሩ ነው ካሉ ይደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700 ነው። ከመደወልዎ በፊት የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆረጥ፣ የትኛው መብራት ምን ቀለም እንደሚሆን፣ በኬብልም እንደሞከሩት ይጻፉ። «በኬብልም ይቆረጣል፣ ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው» ያለ ሰው ራውተሩን አጥፍተህ አብራ ከሚለው ምክር ቶሎ ያልፋል። ባለሙያው ቤት ሲመጣም፣ በኬብል ፍጥነቱን ለክቶ ሳያሳይዎት አይሸኙት።