ልጁን ለብቻው፣ በድህነትና በዘረኝነት መሃል የሚያሳድግ አባት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄን ለብቻዬ ማሳደግ ስጀምር አራት ዓመቷ ነበር። ገንዘቡ አይበቃም። በዚያ ላይ በምንኖርበት አካባቢ የእኛ የቆዳ ቀለም ከአብዛኛው ሰው ይለያል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። አንተ እንዳትደግማቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

"ገና ልጅ ናት፣ አይገባትም" ማለት

ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው። ሁለተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን "አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ በር ላይ አትጠብቀኝ፣ ማዶ ቁም" አለችኝ። በጃኬቴ ያፈረች መሰለኝ። ክርኑ ላይ ተቀዶ ነበር። ተበድሬ ሌላ ገዛሁ። እሷ ግን አሁንም "ማዶ ቁም" ነው የምትለው። ከሳምንታት በኋላ ነው የነገረችኝ። አንድ ልጅ "አባትሽ ሲመጣ እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች" ብሏት ነበር። ለካ እኔ እንዳልሰማው እየጠበቀችኝ ነው።

ስለ ቀለም በቤታችን አንድም ቀን አውርተን ስለማናውቅ፣ ነገሩን ከድህነታችን ጋር አያያዝኩት። እሷም የምትናገርበት ቃል አልነበራትም።

ልጆች ከምናስበው በላይ ቀድመው ያያሉ። ኬነት እና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጆች ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶች አሳዩ። ብዙዎቹ ነጩን "ጥሩው" ብለው መረጡ። "አንተን የሚመስለው የቱ ነው?" ሲባሉ ያለቀሱም ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ተማሪዎችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን ይህን ሥራ ጠቅሶታል። እነዚያ ልጆች ያንን ሐሳብ ካዩትና ከሰሙት ለቃቅመው ነው ያመጡት። አንተ ዝም ስትል ልጅህ ከሌላ ሰው ትማራለች።

ረጅም ንግግር አያስፈልግም። "ያሉሽ ልክ አይደለም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔም አይደለም" በቂ መነሻ ነው።

በንዴት ትምህርት ቤት መሄድ

እኔ ልጄ በነገረችኝ ማግስት ሄጄ ጮህኩ። እስከ ቀትር ድረስ ወሬው ሁሉ ስለ "ኃይለኛው አባት" ሆነ። የልጄን ነገር ያስታወሰው የለም። ያሳዝናል፣ ግን እንደኛ ያለ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ቶሎ እንደ ዛቻ ይቆጠርበታል።

መጀመሪያ ልጅህን "ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?" ብለህ ጠይቃት። ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ የሰማውን ሰው ጻፍ። ለርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ አቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። የመንግሥታቱ ድርጅት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 2፣ ሕፃን በራሱም ሆነ በወላጁ ዘር፣ ቀለም ወይም ሀብት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግበት ይላል። ቀለምም ድህነትም እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ አሉ። ደብዳቤህ ላይ ጥቀሰው።

"ከሌሎች እጥፍ ጎበዝ ሁኚ" እያሉ ማሳደግ

ይህን የምንለው ከፍቅር ነው። ከፍርሃትም ነው። እኔም ስለው ከረምኩ፤ አንድ ቀን ፍራሽ ሳነሳ ከአሥር ስምንት ያመጣችበት ወረቀት ታጥፎ ተደብቆ አገኘሁ። ስምንት! ልጅ የሰዎችን ጭፍን ጥላቻ በውጤቷ እንድታሸንፍ መጠበቅ ሸክሙን እሷ ላይ መጫን ነው። ጉብዝናዋን አበረታታ፣ ግን መከበሯን ከውጤቷ ጋር አታያይዘው።

ችግሩን ጨርሶ መደበቅ፣ ወይም ሁሉንም እሷ ላይ ማራገፍ

"በዚህ ወር አይሆንም፣ የቤት ኪራይ ይቀድማል" በላት። ስለ ዕዳህ ግን ከትልቅ ሰው ጋር አውራ። "ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ" አትበላት፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

እናቷን ማማት

አታድርገው። ልጅህ ግማሿ እሷ ናት።

"ወንድ ነኝ፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ" ማለት

እርዳታ መጠየቅ ሞት ይመስለኝ ነበር። ያሸነፈኝ ፀጉሯ ነው። ጠዋት የጎነጎንኩት ቀትር ላይ ይፈታል፣ ስበጥራት ታለቅሳለች። አንዲት ጎረቤቴ አይታ አዘነችልን። "በደረቁ አታበጥራት። በውኃ አርጥበው፣ ቅባት ቀባው፣ ከጫፉ ጀምረህ ወደ ሥሩ ውጣ" አለችኝ። ፊቴ ቁጭ ብላ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ።

አሁን እሁድ ማታ ሹሩባ እሠራላታለሁ። ጉልበቴ መሃል ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። ፊቴን ስለማታይ ይሆናል፣ የሳምንቱን ነገር ሁሉ የምትነግረኝ ያኔ ነው። ማን ምን አላት፣ ማን አጠገቧ አልቀመጥም አለ። ደንግጬ እጄ ቆም ካለ እሷም ወሬዋን ታቆማለች። ስለዚህ መጎንጎኔን አላቋርጥም።