ምክንያት የሌለው እንቅስቃሴ የካርታ ምትሃትን ያጋልጣል

በ21 ካርታ የሚሠራውን ጨዋታ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ካርታዎቹ በ3 ረድፍ፣ በየረድፉ 7 ሆነው ይደረደራሉ። ተመልካቹ ያሰባት ካርታ ያለችበትን ረድፍ ይጠቁማል፤ ያ ረድፍ መሀል ይገባል። ይህ 3 ጊዜ ሲደገም ካርታዋ 11ኛ ላይ ትገኛለች። ጨዋታው አይስትም፣ ግን አያስደንቅም። ካርታው ለምን ደጋግሞ እንደሚደረደር ምክንያት ያላገኘ ተመልካች «ሒሳብ ነው» ብሎ ይተወዋል።

ከዚያ ይልቅ ይህን ሞክሩ፦ ተመልካቹ ከፍሎ የሚያገኛት ካርታ እናንተ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ የጻፋችኋት ሆና ትገኛለች። የሚያስፈልጋችሁ ጆከሮቹ ያልወጡለት ሙሉ ካርታ ከነካርቶኑ፣ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

መጀመሪያ ተመልካቹ እስኪበቃው ይበውዝ። ከዚያ ተቀበሉትና «ጆከሮቹን ላውጣ» ብላችሁ የካርታዎቹን ፊት ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ዘርጉ። ካርታውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም፤ ጆከር ማውጣት የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሁለቱንም ካወጣችሁ በኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ያለችውን ካርታ አንድ ጊዜ ብቻ እዩ፤ ካርታው ሲደፋ ከላይ የምትሆነው እሷ ናት። 7 ልብ ናት እንበል። ጆከሮቹን ሳታወጡ ካያችሁ ግን ከላይ ያለው ራሱ ጆከሩ ሊሆን ይችላል።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ድፉት፣ ጆከሮቹን ረጋ ብላችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱ። ይህች ፋታ ማየትን ከመጻፍ ትለያለች። አሁን ወረቀቱ ላይ «7 ልብ» ብላችሁ ጻፉና አጥፋችሁ አስቀምጡት።

ተመልካቹን «ከፈለግክበት ቦታ ከፍለህ ከጎኑ አስቀምጥ» በሉት። ያነሳውን የላይኛውን ክፋይ ሲያስቀምጥ፣ የቀረውን እናንተ አንስታችሁ በላዩ አግድሙት፤ «የከፈልክበት ቦታ እንዳይጠፋ» በሉ። እሱ ራሱ ካገደመው የትኛው ክፋይ ከየት እንደመጣ እጁ ያስታውሳል።

ጨዋታው የሚሞተው ወይም የሚድነው እዚህ ላይ ነው። የተጋደመውን ክፋይ ወዲያው ካነሳችሁ ከስር ያለችው ካርታ መጀመሪያም ከላይ የነበረችው መሆኗ ይታወቃል። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ የተመልካቾቹን ዓይን ከካርታው ላይ አንሱ። ዝም ብሎ ማውራት አይበቃም፣ የሚሠራ ነገር ስጧቸው፦ የታጠፈውን ወረቀት ለሌላ ሰው አቀብሉና «ሳትከፍተው በመዳፍህ ጨብጠው» በሉት። ስታወሩ እናንተም ካርታውን አትዩ፤ ተመልካች የሚያየው እናንተ የምታዩትን ነው።

ከዚያ የተጋደመውን ክፋይ አንሱና ከታችኛው ክፋይ ላይ ያለችውን ካርታ እያመለከታችሁ «የከፈልክበት ይኸው፣ ገልብጣት» በሉ። ወረቀቱ የሚከፈተው ካርታዋ ከታየች በኋላ ነው። ወረቀቱ ከቀደመ የምትገለበጠው ካርታ የሚጠበቅ ነገር ትሆናለች።

ንግግር ላይ ቁጥብ ሁኑ። «ይህ ተራ ካርታ ነው» ወይም «ምንም አላየሁም» ማለት ያልነበረ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። «አንተ በወዝክ፣ አንተ ከፈልክ» ብቻ በሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ለዚያው ሰው ዳግም አታሳዩት፤ በሁለተኛው ዙር ዓይኑ ከክፋዮቹ ላይ አይነሳም።